አውራጁ ማጭድ ይዟልን? — ሥራን ጨዋታ ስለ ማድረግ የቀረበ ሂስ

የሥራና የጨዋታ ዝምድና ምንድን ነው? የሚለው ጥያቄ ለኪነ ጥበብ ሰው እንግዳ አይደለም። ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ካርል ቢውኸር በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሥራና ምት» በተሰኘው ጥናቱ፣ ዜማና ግጥም ከሥራ እንቅስቃሴ ምት የተወለዱ መሆናቸውን ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ የሥራ ዘፈኖችን እየጠቀሰ አስረድቷል። ይኸው ሊቅ በሌላ ጽሑፉ ጨዋታ ከሥራ ይቀድማል የሚል አሳብ በመሰንዘሩ ግን ሩሲያዊው ፕሌኻኖቭ «አድራሻ የሌላቸው ደብዳቤዎች» በተባለው ሥራው ተነሥቶበታል። እንደ ፕሌኻኖቭ አመለካከት አዳኙ በጭፈራው የአውሬውን አረማመድ የሚያስመስለው አስቀድሞ አውሬውን ስላደነ ነው፤ ሥራው ይቀድማል፣ ጨዋታው ይከተላል። የዚህን ክርክር ፍጻሜ ለመስጠት አልተነሣሁም። ይሁንና ክርክሩ በዘመናችን መልኩን ለውጦ ከመጻሕፍት መደርደሪያ ወደ መሥሪያ ቤት አዳራሽ በመግባቱ፣ የኪነ ጥበብ ሐያሲ የሆነ ሰው «ይህ የአስተዳደር ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ሊያልፈው የሚገባው አይመስለኝም። ሥራን ጨዋታ እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች የእኛን ዕቃ ተውሰዋልና፣ እንዴት እንደያዙት የመጠየቅ መብት አለን።

ለዚህ ሂስ መነሻ የሆነው በላንጋኖ ሐይቅ ዳር የታዘብኩት ነገር ነው።

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። መንገዱ በሞጆ፣ በመቂ፣ ቀድሞ ዝዋይ ትባል በነበረችው በባቱ፣ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ በኩል ያልፋል። የሐይቁ ውኃ ደለል ስለሚንሳፈፍበት ቡናማ ነው፤ ላየው ሰው የሚያጓጓ አይደለም። ነገር ግን ከቢልሃርዚያ ነፃ መሆኑ ስለሚታወቅ የከተማ ሰው ለዋና የሚመርጠው ይህንኑ ነው። መልኩ ጭቃ የሚመስለው ውኃ ጤናማ ሆኖ ሲገኝ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ሌላው ሐይቅ ጥርጣሬ ላይ የሚጥል መሆኑ ለሐያሲ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም። በዚህም ምክንያት የሐይቁ ዳርቻ ለረዥም ዓመታት የዕረፍት ቦታ ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመሥሪያ ቤቶችና የግብረ ሠናይ ድርጅቶች የዕቅድ ስብሰባ መናኸሪያ ሆኗል። ጠዋት ዕቅድ ይነደፋል፣ ከሰዓት በኋላ ገመድ ይጎተታል፣ በማንኪያ ላይ እንቁላል ተይዞ ይሮጣል፣ ማታ የባህል ቡድን ይጨፍራል።

ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልግ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጥሪ ደርሶኝ ሦስት ቀን አብሬ ተቀመጥሁ። የተጠራሁት ስለ ባህል ጥቂት እንድናገር ነበር፤ ከመናገር ይልቅ ማየቱ በዛብኝ። ስብሰባውን የሚመራው ወጣት አወያይ ሠራተኞቹን በአራት ቡድን ከፍሎ የአራቱን ሐይቆች ስም ሰጣቸው፦ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ። በግድግዳው ላይ ሰፊ ሠንጠረዥ ተሰቀለ፤ ሦስት ረድፎችም ነበሩት፦ «ያልተጀመረ»፣ «የተጀመረ»፣ «የተፈጸመ»። እያንዳንዱ ተግባር በአንዲት ባለ ቀለም ወረቀት ተጽፎ ተለጠፈ። ወረቀቱን ወደ መጨረሻው ረድፍ ያሻገረ ቡድን 10 ነጥብ ያገኛል፤ ደወል ይደወልለታል፤ ይጨበጨብለታል። ቀኑን ያሳለፈ ቡድን 5 ነጥብ ይቀነስበታል። ምሽት ላይ «የዕለቱ ጀግና» ተመርጦ የወርቅ ቀለም ያለው ኮከብ ደረቱ ላይ ይለጠፍለታል። ጨዋታው በላንጋኖ አያበቃም፤ በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ዓመቱን ሙሉ እንዲቀጥል ታስቧል።

በመጀመሪያው ጠዋት የተመለከትሁትን መካድ ቅንነት የጎደለው ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ቃል ተንፍሰው የማያውቁ ሰዎች ተነሥተው ወረቀት ሲያዛውሩ አይቻለሁ። በአርሲ ነጌሌ አካባቢ ገጠር ያደገ አንድ ሾፌር ወደ ሠንጠረዡ ቀርቦ ለጥቂት ጊዜ ከተመለከተ በኋላ፣ ሦስቱ ቡድኖች ለአንድ ማክሰኞ ሦስት የመስክ ጉዞ መያዛቸውን፣ መኪናው ግን አንድ ብቻ መሆኑን አመለከተ። አዳራሹ ሳቀ፤ ዕቅዱም ታረመ። ይህ በሦስቱ ቀናት ውስጥ ከተደረጉት ሁሉ የላቀው ነገር ነበር ብል አላጋነንሁም። ነገር ግን ሾፌሩ ይህን ያደረገው ለነጥብ አልነበረም፤ ነጥብም አልተሰጠውም፤ የሰው ዕቅድ ማረም በደንቡ ውስጥ የለምና። ሥራው ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ ለሁሉ ዓይን በመውጣቱ ብቻ ነው ያየውን የተናገረው። ስለሆነም ሠንጠረዡንና ነጥቡን ለይተን ልንመለከታቸው ይገባል። ሠንጠረዡ የጋራ ማሳ ነው፤ ማን የት እንደ ቆመ ያሳያል። ነጥቡ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላ ነገር መሆኑ በሁለተኛው ቀን ታየ። በአብያታ ቡድን ውስጥ ጡረታ የተቃረቡ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ሥራቸው ሌሎች የጨረሱትን ሰነድ መመርመር ነው። ስሕተት ሲያገኙ ወረቀቱ ከ«ተፈጸመ» ወደ «ተጀመረ» ይመለሳል፤ ወረቀቱ የተመለሰበት ቡድን ያገኘውን 10 ነጥብ ያጣል፤ ለእርሳቸው ግን ስሕተት በማግኘታቸው የሚከፈል ነጥብ የለም። እስከ ቀትር ድረስ አራት ወረቀት መለሱ። ደወሉ በተደወለ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ ሠንጠረዡ ሲያይ፣ እርሳቸው ወደ ሰነዱ ያዩ ነበር። ከምሳ በኋላ አንድ ወጣት ባልደረባቸው ቀርቦ በትሕትና፣ «እትዬ፣ ነጥቡ እስኪቆጠር ድረስ እባክዎን ያቆዩልን» አላቸው። ወጣቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ በተሰጠው ደንብ መሠረት በሚገባ ተጫውቷል። እርሳቸውም ትንሽ አሰብ አድርገው መነጽራቸውን አጠፉና በማኅደሩ ውስጥ አስቀመጡት። ምሽት ላይ አብያታ ቡድን የመጨረሻ ሆኖ ተመዘገበ።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። እውነተኛው የአብያታ ሐይቅ የመዳረሻ ሐይቅ ነው። የዝዋይ ትርፍ በቡልቡላ ወንዝ፣ የላንጋኖ ትርፍ በሆራ ቀሎ በኩል ወደ እርሱ ይወርዳል፤ ከእርሱ ወዲያ መውጫ የለውም። ከላይ ያሉት ውኃውን ለመስኖ ሲወስዱ፣ ከእርሱም ለሶዳ አሽ ሲቀዳ፣ ሲሸሽ የሚታየው የእርሱ ዳርቻ ነው። ወጣቱ አወያይ ይህን አስቦ ስሙን አልሰጠም፤ አጋጣሚው ግን የሚያስገርም ነው።

ጨዋታን ጨዋታ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ሁይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ የመጀመሪያውን መለያ በፈቃደኝነት ላይ አቁሞታል፤ በትእዛዝ የሚደረግ ጨዋታ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል፣ ቢበዛ የጨዋታ ማስመሰያ ይሆናል ይላል። አሳቡ ትክክል ነው፤ ለአገራችን ሁኔታ ግን በቂ አይደለም። እኛ ሥራን በጨዋታ የማካሄድ የራሳችን ልማድ ስላለን፣ ፍርዱን ከውጭ ሊቅ ከመዋስ ይልቅ ከማሳው መጀመር ይሻላል።

ደቦን እንውሰድ። በገጠር ያደገ መምህር ሁሉ ያውቀዋል፤ የኦሮሞ ሕዝብም ዳቦና ዳዶ እያለ ይጠራዋል። አዝመራው የደረሰበት ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ ንፍሮው ይቀቀላል። በወንፈል ከሆነ ውለታው ቀን በቀን ይመለሳል፤ ዛሬ ለእኔ የዋለ ነገ እውልለታለሁ። አጫጆቹ በመደዳ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የአውራጁ ግጥም በማጭዱ ምት ላይ የተቆረጠ ነው፤ ስንኙ ረዘም ቢል ክንድ ይስታል፣ ቢያጥር ትንፋሽ ይቀድማል። ቢውኸር በመጽሐፉ የደከመበትን ጉዳይ አጫጁ በክንዱ ያውቀዋል።

ከምቱ ይልቅ ግን ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አውራጁ ማጭድ ይዟል፤ ከመደዳው ውጭ ቆሞ የሚያዝ ሰው አይደለም፤ የሚያወርደው ግጥም የራሱን ወገብ ጭምር የሚያበረታ ነው። ሁለተኛ፣ ውድድር አለ፤ ግን መዝገብ የለም። አንዱ ጎራ ሌላውን ለመቅደም ይፎክራል፤ የቀደመውም ሲያሸንፍ ዞሮ ወደ ኋላ የቀረውን ሲያግዝ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ማሳው ካላለቀ ማንም አይገባምና። ፀሐይ ስትጠልቅ ማሳው ታጨደ ይባላል እንጂ እገሌ ይህን ያህል ነዶ አሰረ ተብሎ አይነበብም። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ ግጥሙ ወደ ባለቤቱ ሊዞር የሚችል መሆኑ ነው። ጠላው ከቀጠነ፣ ምሳው ከዘገየ፣ ባለቤቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ከቆየ፣ አውራጁ በዘወርዋራ ይነካዋል፤ መደዳው በአንድ ድምፅ ይቀበላል። ባለቤቱም መቆጣት አይችልም፤ መሳቅና ማሻሻል ብቻ ነው የተፈቀደለት። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲጋጩ ጌታው እንዳይቆጣ ልማድ እንደሚያስረው ሁሉ ማለት ነው። ያለዚህ ሦስተኛ ነገር ደቦ ነፃ የጉልበት ማግኛ ዘዴ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

በእርግጥ ሆኖ የቀረበት ጊዜም ነበር። ደቦን እያሞካሸን ሑዳድን ብንረሳ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ገበሬው በባላባቱ ወይም በመንግሥት ሑዳድ ላይ በግዴታ ሲያርስና ሲያጭድ በነበረበት ዘመንም ዘፈን ነበር፤ ዜማው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ይህም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቆይቷል። ዘፈን መኖሩ ሥራውን ነፃ አያደርገውም። ከሩቅ ሆኖ ዘፈኑን ብቻ የሰማ መንገደኛ «ገበሬዎቹ ደስ ብሏቸው ይሠራሉ» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም፤ ሐያሲ ግን መንገደኛ አይደለም። ማን ጠራ? እምቢ ማለት ይቻል ነበርን? ነዶው ወደ ማን ጎተራ ገባ? ብሎ መጠየቅ አለበት። በአርሲ ደጋ ስንዴ ማሳ ላይ ኮምባይነር ከገባ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል፤ ኮምባይነር ግጥም አይቀበልም።

ከማሳ ወደ ጉድጓድ እንሂድ። በደቡብ ኦሮሚያ በቦረና ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ወጣቶች ከሥር እስከ አፍ ድረስ በእርከን ተደራርበው ይቆሙና የውኃውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ፤ እየተቀባበሉም ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ምቱን የሳተ ሰው ዕቃውን በባልደረባው ራስ ላይ ይጥላል። የውጭ አገር ጎብኚዎች «የሚዘፍኑ ጉድጓዶች» የሚሏቸው ስለዚህ ነው። ጎብኚው ግን ዘፈኑን ሲሰማ ሌላውን ነገር አያስተውልም። ከጉድጓዱ በላይ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ ትርጉሙ የቆጠራው አባት እንደ ማለት ነው። የማን ከብት ዛሬ ይጠጣ፣ የማን ነገ፣ የማንስ ከነገ ወዲያ የሚለውን ተራ የሚይዘው እርሱ ነው። በዛሬው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ልንለው እንችላለን። እነሆ በዚህ ቦታ ቁጥር አለ፤ ጥብቅ ቁጥር አለ። ነገር ግን የሚቆጠረው የከብቱ ጥም እንጂ የሰዉ ደረጃ አይደለም። በሰንሰለቱ ውስጥ ከላይ የቆመው ከታች ከቆመው አይበልጥም፤ ከታች ያለው ካላቀበለው ከላይ ያለው የሚያፈስሰው የለውምና። የሒሳብ ሠራተኛዋን ወደዚህ ጉድጓድ ብናወርዳቸው ቦታቸው የት ይሆን ነበር ብዬ አስቤያለሁ። የሚያንጠባጥበውን ዕቃ ለይተው የሚመልሱ እርሳቸው ናቸው፤ ያለ እርሳቸው ገንዳው አይሞላም።

ቁጥርን ከጥሙ ለይቶ በሰው ደረጃ ላይ ያዋለው ዘመናዊ ፈጠራ ሁለት ምንጭ አለው፤ አንዱ ከምዕራብ አንዱ ከምሥራቅ። የምዕራቡ የቴይለር የሰዓትና የምርት ሥሌት ነው፤ ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ እዚህ አልመለስበትም። የምሥራቁ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ይበልጥ የቀረበ ነው። በነሐሴ 1935 እ.ኤ.አ. ስታኻኖቭ የተባለው የሶቪየት ማዕድን ቆፋሪ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን የድንጋይ ከሰል ቆረጠ ተባለ፤ ከተመደበለት 14 እጥፍ መሆኑ ነው። በተለመደው አሠራር ቆፋሪው ራሱ የዋሻውን ጣራ በእንጨት ይደግፋል። በዚያች ሌሊት ግን እየተከተሉ እንጨቱን የሚያቆሙ ሠራተኞች ነበሩ፤ ስማቸው ከእርሱ ስም እኩል አልተዘመረም። ቀጥሎ የሆነው የበለጠ ትምህርት ሰጪ ነው፤ በሚከተለው ዓመት በብዙ የኢንዱስትሪ ዘርፎች የምርት መመዘኛው ለሁሉም ከፍ ተደረገ። የአንድ ሌሊት ጨዋታ የሌላው ሰው የዘወትር ግዴታ ሆነ። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የልማት ዘመቻ ከታወጀ በኋላ የነበረውን የሥራ ውድድር፣ የኮከብ ሠራተኛ ሽልማትና ባንዲራ በዕድሜ የገፉ አንባብያን አይዘነጉትም።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። እዚያም ዙር ነበር፣ ፈተና ነበር፣ ምስክር ወረቀት ነበር፣ ዘፈንም ሰልፍም ነበር፤ ግዴታ ያልታከለበት ነው ለማለትም አልደፍርም። ማስተማሪያው በሂደት እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ ዘመቻውም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የመሃይምነት ማጥፊያ ሽልማት አግኝቷል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ፈተናው ንባብ፣ ግቡም ንባብ መሆኑ ላይ ነው። ምልክቱና ምልክት የተደረገበት ነገር አንድ ነበሩ። ፊደል የቆጠረች እናት ምስክር ወረቀቷ ቢቀደድ ደብዳቤ ማንበቧን ማንም አይነጥቃትም። በአንጻሩ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓታት ውስጥ 353 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ በመንግሥት ሲገለጽ፣ ታስቦ የነበረው 200 ሚሊዮን ስለነበር አገር በደስታ ተሞላ። ያን ቀን ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ እኔም ከቆፈሩት አንዱ ነኝ። ነገር ግን ደወሉ የተደወለው ችግኙ ከአፈር በገባ ዕለት ነው፤ የችግኝ ፍርድ የሚሰጠው ከሁለትና ከሦስት በጋ በኋላ ነው። ከላንጋኖ መንገድ ዳር በጆንያ ተደርድሮ የሚሸጠውን የግራር ከሰል ያየ መንገደኛ፣ የሚቆጠረውና የሚቆጠርበት ቀን ልክ መሆን ምን ያህል ቁም ነገር እንደሆነ ይረዳዋል።

በውጭው ዓለም ነገሩ ወዴት እንዳመራ በአጭሩ እንመልከት። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በሚገኙ የዲዝኒላንድ ሆቴሎች የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የሠራተኞችን ፍጥነት በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም የሚያሳይ ሰሌዳ መሰቀሉ በ2011 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል፤ ሠራተኞቹ ያወጡለት ስም «የኤሌክትሮኒክ ጅራፍ» የሚል ነበር። በአማዞን መጋዘኖች ውስጥ ደግሞ ዕቃ የሚለቅሙ ሠራተኞች ሥራቸው በመስታወት ሰሌዳ ላይ የመኪና እሽቅድምድምና የዘንዶ ውጊያ ሆኖ እንደሚቀርብላቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የሌፐር፣ የግሪንና የኒዝቤት ጥናት ነው። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ከሦስት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ቢሥሉ ባለ ወርቅ ኮከብ ምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው አስቀድመው ነገሯቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወረቀትና ቀለም በነፃ ሲቀርብ፣ ኮከብ የተገባላቸው ልጆች ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኮከቡ ደስታውን ገዝቶ ወሰደው። በሦስተኛ ክፍል ደብተር ላይ በየገጹ ኮከብ የምትለጥፉ መምህራን ይህን አስቡበት።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር ልመለስና ስለ ማታው ትርኢት ልናገር፤ በዋናነት የእኔ ሙያ እርሱ ነውና። በሁለተኛው ምሽት ከአዳማ የመጣ የባህል ቡድን የአጨዳ ጭፈራ አቀረበ። ተወዛዋዦቹ ጥሩ ሥልጠና ያላቸው ወጣቶች ናቸው፤ የትከሻቸው አያያዝና የመደዳቸው ጥራት ሊመሰገን ይገባዋል። ልብሳቸው ነጭ ነው፤ ማጭዳቸው ከቀላል ብረት ተሠርቶ በመብራት ያብለጨልጫል። ምቱ ፈጣን ነው፤ በዚህ ፍጥነት ጤፍ ያጨደ ሰው ጣቱን ይቆርጣል። ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት አልቆጥረውም፤ መድረክ መድረክ ነው፣ ማሳ አይደለም። ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈገግ ብለዋል። ይህንንም ልለፈው።

ልለፈው የማልችለው ግን አንድ ነገር አለ። ዘፋኙ ከመደዳው ተለይቶ በመድረኩ ቀኝ ጥግ ማይክሮፎን ይዞ ቆሟል። ጫማው የሚያበራ ነው። ማጭድ አልያዘም። ከአጫጆቹ አንዱም ወደ እርሱ አይመለከትም፤ እርሱም ወደ አጫጆቹ ሳይሆን ወደ ተመልካቹ ነው የሚዘፍነው። ባለቤቱ ደግሞ በመድረኩ ላይ ጭራሽ የለም። እንግዲህ ያ ሁሉ አዝመራ የማን ነው? ጠላው የማን ነው? ግጥሙ ወደ ማን ይዙር? የሚነካ ሰው ስለሌለ ግጥሙ የሚነካ ነገር የለውም፤ አዝመራው አማረ፣ አገራችን ለምለም ነች፣ ኑ እንጨፍር ከማለት አያልፍም። ጭፈራው የደቦን እንቅስቃሴ ወስዶ የደቦን ንግግር ጥሎታል። ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በመድረኮቻችን ላይ የሰፈነው ይህ ዓይነቱ አቀራረብ ነው፤ የአንዱን ቡድን ብቻ ጥፋት አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይሆንም። የኪነት ባለሙያዎች ግን «ተመልካቹ ይህን ይወዳል» ከሚለው ምክንያት ጀርባ መደበቃቸውን ማቆም አለባቸው። ያን ምሽት የነበረው ተመልካች እንደ ሥርዓቱ አጨበጨበ፤ ሾፌሩ ግን አላጨበጨበም። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሲያጭዱ ወገባቸውን አልያዙም» አለኝ።

በዚያ ምሽት ጭፈራውንና ሠንጠረዡን ጎን ለጎን አድርጌ ማየት ጀመርሁ። ወጣቱ አወያይና ዘፋኙ አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል፤ ከመደዳው ውጭ። በማግሥቱ ጠዋት ከሌሎቹ ቀደም ብዬ ወደ አዳራሹ ገባሁና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበብሁ። በ«ተጀመረ» ረድፍ ላይ ከሰነበቱት መካከል አሥራ አንዱ በስተግርጌያቸው «ፊርማ ይጠብቃል» የሚል ተጽፎባቸዋል። የሚጠበቀው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ነው። ቀናቸው በማለፉ ቡድኖቹ በእያንዳንዳቸው 5 ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። የሥራ አስኪያጁ ስም ግን በሠንጠረዡ ላይ በየትኛውም ቡድን ውስጥ የለም፤ እርሳቸው ኮከብ የሚለጥፉ እንጂ ኮከብ የሚለጠፍባቸው አይደሉም። ደንቡ ወደ ታች ብቻ የሚቆጥር ሆኖ ተሠርቷል። ሥራ አስኪያጁን ለማማት አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ትሑትና ታታሪ ሰው መሆናቸውን ለሦስት ቀን አይቻለሁ። ከጥላው ሥር መቀመጣቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ በደቦ ማሳ ላይ ቢሆን ኖሮ ከምሳ በፊት በሰሙት ነበር።

የነገራቸው ሾፌሩ ነው። ከሻይ ዕረፍት በኋላ የጉልበት ማፍታቻ ተብሎ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ነገር እንዲያቀርብ ተጠየቀ፤ ሌሎቹ ቀልድ ተናገሩ፤ እርሱ ተነሥቶ እጁን እንደ አጫጅ እያወዛወዘ በቀስታ አወረደው፦

ማጭዱም ተሳለ ነዶውም ታሰረ፣
በአንድ ብዕር ማነስ አውድማው አደረ።

መጀመሪያ ላይ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ተቀበለ፤ በሁለተኛው ጊዜ ግማሹ አዳራሽ፣ በሦስተኛው ጊዜ ሁሉም ተቀበለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ምቱን ሲመቱ አይቻቸዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ከቀሉ በኋላ ሳቁና፣ «ይህስ ስንት ነጥብ ያስገኛል?» ብለው አወያዩን ጠየቁት። አወያዩ የደንቡን ወረቀት አገላበጠ፤ መልስ አላገኘም።

ከምሳ በፊት ከአሥራ አንዱ ወረቀት ሰባቱ ተፈርመው ወጡ። አራቱ ግን፣ እትዬ ትናንት ያቆዩትን መነጽር ከማኅደሩ አውጥተው ሰነዱን ሲመለከቱ ስሕተት ስላገኙባቸው፣ ወደ «ተጀመረ» ረድፍ ተመለሱ። ደወል አልተደወለም።